ራስ ምታቱ ሳምንት ካለፈው

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከቫይረሱ ጋር እየኖራችሁ ሌላውን የምትደግፉ እህትና ወንድሞቼ፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ በጀት የምትመድቡ ኃላፊዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ ረጅም ነው። «ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ባለባቸው ሰዎች ላይ በፈንገስ የሚመጣ ማጅራት ገትር ሕክምና» ይላል። እኔ ግን ከራስ ምታት ልጀምር። በሽታውም የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ራስ ምታት ቀላል ነገር ይመስላል። ራሱን አሞት የማያውቅ ማን አለ? ሰውየው ማስታገሻ ይገዛል። ሁለት ቀን ሻል ይለዋል። ከዚያ ይመለስበታል። ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ወባ ነው ይባላል፣ ወይም ታይፎይድ ነው ይባላል። ሌላ ኪኒን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ማስመለስ ይመጣል። ብርሃን ያስጠላዋል። አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል። ቤተሰቡ «ጠባዩ ተለወጠብን፣ ይቀባጥራል» ማለት ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ሆስፒታል የሚደርሰው ይሄኔ ነው። በሰው ትከሻ ተደግፎ፣ ወይም ራሱን ስቶ።

እኔ እዚህ የቆምኩት አንድ ነገር ለመሟገት ነው። ለዚህ በሽታ መድኃኒት አለ። የትኛው ከየትኛው ጋር፣ ለስንት ቀን እንደሚሰጥ በትልልቅ ጥናቶች ተለይቷል። ሰው እየሞተብን ያለው በአብዛኛው ስለምንዘገይ፣ የጀርባ መርፌ ስለምንፈራና አንድ ያረጀ ኪኒን መጋዘናችን ውስጥ ስለሌለ ነው። ሦስቱንም እኛው ማስተካከል እንችላለን።

ስለ በሽታው ትንሽ ልበል። ፈንገሱ ክሪፕቶኮከስ ይባላል። አፈር ውስጥ አለ። ዛፍ ላይ አለ። በተለይ የእርግብ ኩስ ባለበት አካባቢ በብዛት ይገኛል። የምንተነፍሰው አየር ይዞት ይገባል። ብዙዎቻችን ሳናውቀው ስበነዋል። የበሽታ መከላከል አቅሙ ጥሩ የሆነ ሰው ሳንባው ውስጥ ያስቀረዋል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ሲዲ4 የምንለው የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥር ከ200 በታች፣ በተለይ ከ100 በታች ሲወርድ ግን ፈንገሱ ከሳንባ ይወጣል። በደም ይጓዛል። አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሸፈነው ስስ ሽፋን ላይ ይሰፍራል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይህ በወረርሽኝ መልክ የሚመጣው፣ ክትባት የሚሰጥበት ማጅራት ገትር አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ታማሚውን ያስታመመች እናት አይዛትም። አብሮት የተኛ ሕፃን አይዘውም። ይህን ለቤተሰብ በግልጽ መንገር አለብን። «ማጅራት ገትር» የሚለውን ቃል ሲሰሙ በድንጋጤ ከታማሚው የሚሸሹ አሉ። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ደግሞ ከምንም በላይ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። መድኃኒቱ በየስድስት ሰዓቱ ነው የሚዋጠው፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

በዓለም ደረጃ ጉዳቱ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ግምት እንደሚለው፣ ኤች አይ ቪ ካለባቸው ሰዎች መካከል በዓመት 152,000 ያህሉ በዚህ በሽታ ይያዛሉ። ወደ 112,000 የሚሆኑት ይሞታሉ። ከኤድስ ጋር ተያይዘው ከሚደርሱ አምስት ሞቶች አንዱ ማለት ይቻላል የዚህ ፈንገስ ነው። ከነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው።

«የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደልብ በሆነበት ዘመን ይሄ በሽታ ከየት መጣ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ድሮ አብዛኞቹ ታማሚዎች ቫይረሱ እንዳለባቸው ገና የተነገራቸው፣ ዘግይተው የተመረመሩ ነበሩ። አሁን የታማሚው ገጽታ ተለውጧል። ብዙዎቹ መድኃኒት ጀምረው ያውቃሉ። አንዱ ሥራ ፍለጋ ሌላ ቦታ ሄዶ አቋርጧል። አንዷ ባሏ እንዳያውቅባት ፈርታ ደብቃ ትታለች። አንዱ ደህና ነኝ ብሎ ሰልችቶታል። አንዱ መድኃኒቱን እየዋጠ ቫይረሱ ተላምዶበታል። እነዚህ ሰዎች ሲመለሱ እንዴት እንደምንቀበላቸው እስቲ እናስብ። ተቆጥተን ከተቀበልናቸው ራስ ምታታቸውን አይነግሩንም። መጀመሪያ ነገር፣ ሲያማቸው ወደኛ አይመጡም።

ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ሲዲ4 ሳይጠበቅ መድኃኒት ይጀምር አለ። ትልቅ እርምጃ ነው፣ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ግን ብዙ ቦታ ሰዎች «እንግዲህ ሲዲ4 አያስፈልግም» ብለው ተረጎሙት። ማሽኑ ተበላሸ፣ የሚጠግነው ጠፋ። የመመርመሪያ ኪቱ ሲያልቅ ሳይታዘዝ ቀረ። ሲዲ4 መድኃኒት ለመጀመር አያስፈልግም። ማን አደጋ ላይ እንዳለ ለማወቅ ግን ያስፈልጋል። አዲስ ለሚጀምር፣ አቋርጦ ለተመለሰ፣ ቫይረሱ አልወርድ ላለው ሰው ይህ ምርመራ ካልተሠራ በጨለማ ነው የምንሠራው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስለ መርፌው።

ማጅራት ገትር መሆኑን ለማረጋገጥ ከታችኛው ጀርባ፣ ከሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ፈሳሽ ይቀዳል። ይህን ሂደት ሰው ምን ያህል እንደሚፈራው ታውቃላችሁ። «ሽባ ያደርጋል» ይባላል። «ከጀርባው ውሃ የቀዱት አይተርፍም» ይባላል። ሁለተኛው ወሬ የራሱ ምክንያት አለው። ፈሳሽ የሚቀዳው ብዙ ጊዜ ለሞት ከቀረበ ሰው ስለሆነ፣ ሲሞት መርፌው ነው የገደለው ይባላል። ዘግይተን ስለምንቀዳ ወሬውን የምናባዛው እኛው ነን ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ፍርሃቱ የሕመምተኛው ብቻ አይደለም። «ቤተሰብ እምቢ አለ» ብሎ ካርዱ ላይ ጽፎ እፎይ የሚል ባለሙያም አለ።

ለቤተሰብ መባል ያለበት ይህ ነው። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች ነው። እዚያ ያሉት ፈሳሹ ውስጥ የተንሳፈፉ የነርቭ ጭራዎች ናቸው፣ መርፌው ሲመጣ ገለል ይላሉ። ከቀዳን በኋላ ለጥቂት ቀን ወገብ ሊያም፣ ራስ ሊያም ይችላል። ከባድ ጉዳት የሚደርሰው ግን በጣም አልፎ አልፎ ነው። ጥንቃቄ የሚሻ ሁኔታ የለም አልልም። በአንድ ጎን ድክመት ያለበት፣ የመድማት ችግር ያለበት፣ መርፌው በሚገባበት ቦታ ላይ ቁስል ያለበት ሰው መጀመሪያ በደንብ ይታያል። የተቀረው ግን መጠበቅ የለበትም።

አሁን የምነግራችሁን ደግሞ ከንግግሬ ሁሉ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ነው። በዚህ በሽታ ላይ ፈሳሽ መቅዳት ምርመራም ሕክምናም ነው። ፈንገሱ ዙሪያውን በወፍራም የስኳር ልባስ የተሸፈነ ነው። ያ ልባስ የአንጎል ፈሳሽ ወደ ደም የሚመለስበትን መውጫ ይደፍናል። መፍሰሻው እንደተደፈነ መታጠቢያ፣ ከላይ መውረዱ ሳይቆም ከታች መውጫ ያጣል። ግፊቱ ይጨምራል። ራስ ምታቱን፣ ማስመለሱን፣ የዓይን መደብዘዙን፣ የጆሮ መድከሙን፣ ራስ መሳቱን በአብዛኛው የሚያመጣው ይህ ግፊት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ሰው የሚሞተውም በዚሁ ነው። መድኃኒቱ ፈንገሱን ለመግደል ቀናት ይፈልጋል። ግፊቱ ግን ቀናት አይሰጥም።

ስለዚህ ስንቀዳ ግፊቱን እንለካለን። ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከ25 በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። ያኔ ወደ 20 እስኪወርድ፣ በጣም ከፍተኛ ከነበረ ደግሞ ቢያንስ በግማሽ እስኪቀንስ ፈሳሹን እናወጣለን። 20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ማውጣት የተለመደ ነው። ራስ ምታቱ ከቀጠለ በማግሥቱ እንደገና እንቀዳለን። አስፈላጊ ከሆነ በየቀኑ። አልጋው ላይ ሲያቃስት የነበረ ሰው ፈሳሹ ወጥቶለት ቀና ብሎ ውሃ ሲጠይቅ ማየት የተለመደ ነገር ነው። አንዴ እፎይታውን ያገኘ ሰው ሁለተኛውን መርፌ ራሱ ነው የሚጠይቀው።

«መለኪያው የለንም» የሚል ድምፅ ከወዲያ ጥግ ሰማሁ። ልክ ነው፣ ብዙ ቦታ የለም። የጉሉኮስ ቱቦና ማስመሪያ ግን አለ። ንጹሕ ቱቦውን ከመርፌው ጋር አያይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ታቆማላችሁ። ፈሳሹ የወጣበትን ከፍታ በማስመሪያ ትለካላችሁ። ከምንም በጣም ይሻላል። ማኒቶልና አሲታዞላሚድ የሚባሉት መድኃኒቶች ግን ለዚህ ግፊት መፍትሔ አይደሉም። እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታዞንም እንደዚሁ። በሌላ ዓይነት ማጅራት ገትር የለመድነው ስለሆነ እጃችን ወዲያው ወደ እሱ ይሄዳል። በእስያና በአፍሪካ የተሠራ ጥናት ዴክሳሜታዞን በተሰጣቸው ሕመምተኞች ላይ ጉዳት ስላየ እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት ሳይጨረስ ነው የቆመው። በዚህ በሽታ መነሻ ሕክምና ላይ ቦታ የለውም።

የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ እናንተን አልረሳሁም። በቻይና ቀለም በማይክሮስኮፕ ማየት የቆየ ዘዴ ነው፣ ርካሽም ነው። ሲገኝ ይገኛል። የፈንገሱ ቁጥር ሲያንስ ግን ያመልጣል። አሁን የፈንገሱን ልባስ ክፍል፣ አንቲጅኑን፣ የሚፈልግ እንደ እርግዝና መመርመሪያ ባለ ወረቀት የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ። ውጤቱ በ10 ደቂቃ ይደርሳል። መብራት አይፈልግም። ከጀርባ ፈሳሽም፣ ከደምም ይሠራል። ቤተሰብ መርፌውን ፈጽሞ እምቢ ቢል እንኳ ከደም ሠርቶ መጀመር ይቻላል። ይህ ወረቀት ከሆስፒታል አልፎ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት ብዬ አምናለሁ። ሰውየው መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነዋ።

ወደ መድኃኒቶቹ እንምጣ። ሦስት ናቸው። ሦስቱም አዲስ አይደሉም።

አንዱ አምፎቴሪሲን ቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በቬንዙዌላ አፈር ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ የተወሰደ ነው። ኃይለኛ ነው። በደም ሥር ይሰጣል። ሁለተኛው ፍሉሳይቶሲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ለካንሰር ተብሎ የተሠራ ኪኒን ነው። ለካንሰር አልሆነም፣ ለፈንገስ ግን ሆነ። ሦስተኛው ሁላችሁም የምታውቁት ፍሉኮናዞል ነው። እሱ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መግቢያ ጀምሮ አለ፣ ርካሽም ሆኗል።

ፍሉኮናዞል ርካሽና እጅ ላይ ያለ መሆኑ ችግርም ፈጥሯል። ብዙ ቦታ እሱን ብቻ ሰጥቶ ማከም ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ፍሉኮናዞል ብቻውን የፈንገሱን እድገት ይገታል እንጂ ቶሎ አይገድለውም። እሱን ብቻ ከወሰዱ ሕመምተኞች ግማሽ ያህሉና ከዚያም በላይ በአሥር ሳምንት ውስጥ ሲሞቱ ታይቷል። ስለዚህ ብቻውን መስጠት ሕክምና ሰጥቻለሁ የሚያሰኝ አይደለም።

የሚቀጥለውን ቁጥር በተለይ ኃላፊዎች ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል። በማላዊ፣ በዛምቢያ፣ በታንዛኒያና በካሜሩን የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የወጣ ጥናት አለ። አምፎቴሪሲን የወሰዱትን ለሁለት ከፈላቸው። ግማሾቹ ከፍሉኮናዞል ጋር፣ ግማሾቹ ከፍሉሳይቶሲን ጋር ወሰዱ። በአሥር ሳምንት ከፍሉኮናዞል ጋር ከወሰዱት 45 ከመቶ ሞቱ። ከፍሉሳይቶሲን ጋር ከወሰዱት 31 ከመቶ። አንዱን ኪኒን በሌላው በመቀየር ብቻ! ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳየ። አንድ ሳምንት አምፎቴሪሲን ከፍሉሳይቶሲን ጋር የሰጡባቸው 24 ከመቶ ብቻ ሞቱ፣ ከሁሉም ዝቅተኛው ነው። ምንም መርፌ ሳይወስዱ ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል በአፍ የዋጡት ደግሞ 35 ከመቶ ሞቱ፣ ሁለት ሳምንት አምፎቴሪሲን ከወሰዱት አይከፋም።

እኔ ከዚህ የማነበው ግልጽ ነው። በጀት ጠቦ አንዱን ብቻ አስቀድም ብባል ፍሉሳይቶሲንን አስቀድማለሁ። አዲሱን ውድ መርፌ አስገብቶ ይህን ኪኒን መርሳት የተገላቢጦሽ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ብዙ አገር ግን ለዓመታት አልተመዘገበም ነበር። ያልተመዘገበበት ምክንያት ደግሞ የሚገርም ነው። ገዢ የለም ተብሎ አምራች አያስመዘግብም፣ አልተመዘገበም ተብሎ ገዢ አያዝም።

አዲሱ መርፌ ያልኩት በጥቃቅን የስብ ቅንጣቶች የተሸፈነው አምፎቴሪሲን ነው። ሊፖሶማል ይሉታል። ኩላሊትን የሚጎዳው ከአሮጌው በጣም ባነሰ መጠን ነው፣ አንጎል ውስጥም ረጅም ጊዜ ይቆያል። በቦትስዋና፣ በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ ከ800 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱን አሳወቀ። ይህን መድኃኒት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በከፍተኛ መጠን ሰጡ። ከዚያ ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል ለ14 ቀን። በአሥር ሳምንት የሞቱት 24.8 ከመቶ ነበሩ። አሮጌውን መርፌ ለሰባት ቀን ከፍሉሳይቶሲን ጋር ከወሰዱት 28.7 ከመቶ ሞቱ። ውጤቱ ቢያንስ እኩል ሆኖ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ቀነሰ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ይህንን ቀዳሚ ሕክምና አደረገው።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ 50 ኪሎ በሚመዝን ሰው እንየው። ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ነው፣ ማለትም 500 ሚሊ ግራም። ባለ 50 ሚሊ ግራም ብልቃጥ ከሆነ አሥር ብልቃጥ፣ በአንድ ቀን፣ አበቃ። ፍሉሳይቶሲን በቀን በኪሎ 100 ሚሊ ግራም፣ አራት ጊዜ ተከፍሎ። ባለ 500 ሚሊ ግራም ኪኒን ከሆነ በቀን አሥር ኪኒን ማለት ነው። ፍሉኮናዞል በቀን 1,200 ሚሊ ግራም፣ ባለ 200 ከሆነ ስድስት ኪኒን። ራሱን የሳተ ሰው በአፍንጫ ቱቦ ይሰጠዋል። እንግዲህ በየስድስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ማነው የሚሰጠው? አንድ ነርስ ሠላሳ አልጋ ይዛ? ቤተሰብን ማሳተፍ የግድ ነው። ሰዓቱን በወረቀት ጽፎ አልጋው ላይ መስቀል ቀላል ነገር ነው፣ ግን ይሠራል።

ስለ ዋጋው ልናገር። አምራቹ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለ116 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ብልቃጡን በ16.25 ዶላር አቀርባለሁ ብሎ ነበር። ለአንድ 50 ኪሎ ሰው 162 ዶላር ተኩል ይሆናል። ቃሉ ጥሩ ነበር። ቃል ሌላ፣ ብልቃጡ ዋርድ መድረሱ ሌላ። በዋጋው ላይ ግን አንድ ነገር ጨምራችሁ አስሉ። አንድ ቀን መርፌ ማለት የሰባት ቀን ጉሉኮስ፣ የሰባት ቀን የኩላሊት ምርመራ፣ የሰባት ቀን የነርስ ሰዓት ቀረ ማለት ነው።

ሊፖሶማሉ እስኪመጣ በአሮጌው የምትሠሩ አላችሁ። ብዙዎቻችሁ ናችሁ። እሱ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም፣ ከፍሉሳይቶሲን ጋር ነው። ከዚያ አንድ ሳምንት ፍሉኮናዞል 1,200። ጥንቃቄው እዚህ ላይ ይበዛል። መርፌው ሲገባ ብርድ ብርድ ይላል፣ ያንቀጠቅጣል። ኩላሊትን ይጎዳል። ፖታሲየምንና ማግኒዚየምን ያሟጥጣል። ደም ያሳንሳል። ስለዚህ በቅድሚያ አንድ ሊትር የጨው ውሃ ከፖታሲየም ጋር ይሰጣል። መድኃኒቱ ራሱ ግን የሚበጠበጠው በዴክስትሮስ፣ ማለትም በስኳር ውሃ ነው። ከጨው ውሃ ጋር ከተገናኘ ይረጋል፣ ቱቦውን በመሃል በዴክስትሮስ ማጠብ አትርሱ። ፍሉሳይቶሲን ደግሞ የመቅኒን ሥራ ሊያዳክም ይችላል፣ የደም ቆጠራ ይሠራ። ኩላሊት ሲደክም መጠኑ ይቀነስ። ላቦራቶሪ የለም ብሎ ፍሉሳይቶሲንን መከልከል ግን ስህተት ነው። ለሁለት ሳምንት ሲሰጥ በአፍሪካ ጥናቶች ብዙዎች በደህና ችለውታል።

ቀጥሎ ያለው ለቤተሰብም ለባለሙያም ግራ የሚያጋባ ነው። ሰውየው ኤች አይ ቪ አለበት። ሲዲ4 ተንኮታኩቷል። ታዲያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ዛሬውኑ አንጀምርም? አንጀምርም። በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ይህን መለሰ። በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ከጀመሩት በ26 ሳምንት 45 ከመቶ ሞቱ። አምስት ሳምንት ገደማ ከጠበቁት 30 ከመቶ። የተነቃቃው የመከላከል አቅም አንጎል ውስጥ ያለውን ፈንገስ ሲያጠቃ እብጠቱ ራሱ ይገድላል። ስለዚህ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠበቃል። መድኃኒት ላይ እያለ የታመመ ሰው ጉዳይ ለየት ስለሚል ከሚያክመው ሐኪም ጋር ይወሰናል።

ይህን ለእናት ማስረዳት ከባድ ነው። «ልጄን መድኃኒት ከለከሉት» ትላለች። ቁጭ ብላችሁ አስረዷት። የሚጀምርበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ስጧት። ካልሆነ በአራት ሳምንት የሚባለው ቀጠሮ ወደ አራት ወር ይሄዳል፣ ያም ራሱ ሞት ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሕክምናው አላለቀም። ፍሉኮናዞል በቀን 800 ሚሊ ግራም ለስምንት ሳምንት ይቀጥላል። ከዚያ 200 ሚሊ ግራም ቢያንስ ለዓመት ያህል፣ ሲዲ4 ተመልሶ ቫይረሱ እስኪወርድ። ሪፋምፒሲን የሚወስድ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ከሆነ የፍሉኮናዞሉን መጠን ስለሚያወርድበት ሐኪሙ ያስተካክል። እርጉዝ ከሆነች ወይም ለማርገዝ ካሰበች ትንገር፣ በዚህ መጠን ለጽንሱ ያሰጋል። ከወራት በኋላ ራስ ምታቱ ቢመለስ ደግሞ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብላችሁ አትቸኩሉ። ኪኒኑን አቋርጦ ሊሆን ይችላል። የመከላከል አቅሙ ሲመለስ የመጣ እብጠትም ሊሆን ይችላል። ለመለየት እንደገና ይቀዳ፣ ግፊቱም ይለካ።

እስካሁን ያወራሁት ስለታመመ ሰው ነው። ከዚያ በፊት የምንደርስበት መንገድ ግን አለ። የፈንገሱ አንቲጅን ራስ ምታቱ ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት ደም ውስጥ ይታያል። ያች የ10 ደቂቃ ወረቀት እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ሲዲ4ው ከ100 በታች ለሆነ ሁሉ፣ ከተቻለም ከ200 በታች ለሆነ ሁሉ፣ መድኃኒት ከመጀመሩ ወይም እንደገና ከመጀመሩ በፊት ይመርመር። በታንዛኒያና በዛምቢያ በተሠራ ጥናት ይህን ምርመራ ከቤት ለቤት ክትትል ጋር ማቀናጀት ሞትን በ28 ከመቶ ቀንሷል። ክትትሉን ያደረጉት ሐኪሞች አይደሉም። እንደናንተ ያሉ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ናቸው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እቤት ድረስ እየሄዱ።

በደም ምርመራው አንቲጅኑ ከተገኘበት «ምንም አላመመኝም» ቢልም የጀርባ መርፌው ይቅረብለት። በደቡብ አፍሪካ በተሠራ ጥናት ምንም ምልክት ከሌላቸውና አንቲጅኑ ከተገኘባቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ፈንገሱ አንጎል ሽፋናቸው ላይ ደርሶ ተገኝቷል። ፈሳሹ ውስጥ ፈንገሱ ካልተገኘ በፍሉኮናዞል ብቻ ይታከማል። ፍሉኮናዞልን ብቻውን መስጠት ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ከመውረዴ በፊት እንደየቦታችን ልጠይቃችሁ። መድኃኒት የምትገዙ፣ በሚቀጥለው ትእዛዝ ላይ ፍሉሳይቶሲን የሚል መስመር መኖሩን ዛሬ ከሰዓት እዩልኝ። የሲዲ4 ኪት ካለቀ ስንት ወር እንደሆነም እግረ መንገዳችሁን ጠይቁ። የጤና ጣቢያ ባልደረቦቼ፣ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ራሱን ካመመው ሳምንት ካለፈ፣ ትኩሳት ባይኖርም፣ አንገቱ ባይገተርም፣ ማስታገሻ ሰጥታችሁ አትመልሱት። በዚህ በሽታ አንገት የማይገተርበት ጊዜ ብዙ ነው። ከቫይረሱ ጋር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ከጓደኞቻችሁ መካከል መድኃኒት ያቋረጠ ካለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስሙን ለእኛ ንገሩን አልልም። «ራስህን ያምሃል እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁት። አዎ ካለ፣ አብራችሁት ኑ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ማይኩን ተቀባበሉ፣ ስለ መለኪያው ያነሳኸው ወንድሜ አንተ ጀምር። ቱቦውን እንዴት እንደምናያይዘው እዚሁ አሳያችኋለሁ።